ቤቶች ሲሉት አቤት ያለው በር

እኛ ቤት በድምፁ የሚታወቀው አባቴ ነው። በወጣትነቱ ወደ ስሜን ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ዕቃ በበቅሎ ይጭን ነበር። ከገደል ወዲህ ሆኖ «ቁሚ!» ሲል ከገደል ወዲያ ያለችው የራሱ በቅሎ ብቻ ሳትሆን የሌላ ሰው በቅሎም ትቆም ነበር ይባላል። ድምፅ እንደ መሬት በውርስ የሚከፋፈል ከሆነ፣ ታላቅ ወንድሜ መላኩ የራሱንም የእኔንም ድርሻ ወስዷል። እኔ ስናገር ሰው የሚያየው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ማዕዘኑ ነው፤ አይጥ የገባች ይመስለዋል። ትምህርት ቤት ሳለሁ ስም ሲጠራ «አቤት» ማለቴ ስለማይሰማ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ቀሪ ተብያለሁ። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስሁ እናቴ ታመመችና ቤት ቀረሁ። እሷ ዳነች፤ እኔ ግን እንደቀረሁ ቀረሁ። አሁን የሱፍ ኮፍያ እየሠራሁ ደባርቅ መሐል ከተማ ላለ አንድ ሱቅ አስረክባለሁ። ኮፍያ ጥሩ ሥራ ነው፤ አያናግርም።

ይህን ያስቀደምሁት ቤታችን በድምፅ መታዘዝ የጀመረ ጊዜ ምን እንደደረሰብኝ እንዲገባችሁ ነው።

መላኩ ጎንደር ስልክ ጠጋኝ ነው። መጠገኑ ባልከፋ፤ ክፋቱ የጠገነው ስልክ መሥራቱን የሚፈትነው ዜና በማንበብ ነው። የሚያነበውም የቴክኖሎጂ ዜና ብቻ ነው። ደባርቅ በመጣ ቁጥር እራት ላይ ያወራልናል።

«ውጭ አገር» ይላል፣ «ማቀዝቀዣው ራሱ ወተት ማለቁን አይቶ ለባለቤቱ በስልክ ይነግረዋል።»

«ማን እንደጠጣውስ ይናገራል?» ትላለች እናቴ።

«ሰውየው ገና መንገድ ላይ ሳለ ስልኩን ነካ ሲያደርግ ቤቱ ይሞቅለታል።»

«እንጨቱን የሚማግደውስ ማነው?»

እናቴ እንደዚህ ናት፤ ዜናውን አትቃወምም፣ የጎደለውን ትሞላለች። አባቴ ግን ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ዝም ብሎ የሚሰማ አባት አደገኛ ነው። አንድ ቀን መላኩ «በሩ ራሱ የመጣውን ሰው በድምፁ ለይቶ ይከፍታል» ሲል፣ አባቴ ጋቢውን አስተካከለና «እሱን አምጣው» አለ።

አመጣው። አንድ አሮጌ ስልክ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ባትሪና አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቁልፍ። ስልኩን በመግቢያው ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ ማጉያውን በቆርቆሮ በሩ አናት ላይ አሰረው፣ የድሮውን መወርወሪያ ነቅሎ አዲሱን ቁልፍ ተከለ። አዲሱ ቁልፍ ከውስጥ በኩል በእጅ የምትዞር ትንሽ እጀታ ነበረችው። ግን ለበዓል የምናደልበው በግ ቀንዱን እያከከባት በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ወጣ። መላኩ እጀታዋን ነቅሎ ኪሱ ከተታት። «ቴክኖሎጂና በግ አብረው አይሄዱም» አለ። እንደኔ መሄድ የነበረበት ቴክኖሎጂው ነበር።

«ቤቱ ስም ያስፈልገዋል» አለ ቀጥሎ። «ስሙ ‹ቤቴ› ነው። ቤቴ ትሉታላችሁ፣ አቤት ይላል፣ ከዚያ ታዙታላችሁ።»

መልሱን የሚሰጠው በማን ድምፅ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። አባቴ ጋቢውን ለብሶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከስልኩ ፊት ቆሞ አራት ነገር ቀዳ። ሲጠሩት «አቤት!»። ትእዛዙ ሲገባው «ይሁን!»። የማያውቀው ድምፅ ሲሆን «አላውቅህም! ተመለስ!»። የማያውቀው ድምፅ ደጋግሞ ካስቸገረ ደግሞ «ሌባ! ሌባ! ድረሱልኝ!»። የመጨረሻውን ሲቀዳ እውነት መስሏቸው ሁለት ጎረቤቶች መጥተው ነበር። አባቴ በጣም ተደሰተ።

ቀጥሎ ቤቱ የሚታዘዝላቸውን ድምፆች ማስተማር መጣ። እናቴ «ግድግዳ ከማናግር ጠበል ውሰዱኝ» ብላ እምቢ አለች። አባቴ ድምፁን አስተማረው፤ ግን ቤቱ የራሱን መልስ እየሰማ ጌታው ያዘዘው እየመሰለው፣ ራሱን ጠርቶ ራሱ አቤት እያለ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በሩን ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ። መላኩ የአባቴን ድምፅ ከአዛዦቹ አወጣው። የቀረነው እሱና እኔ ነን።

«በይ ‹ቤቴ፣ በሩን ክፈት› በይ» አለኝ።

አልሁ።

«ጀምሪ እንጂ።»

«ብያለሁ።»

ወደ ስልኩ ጠጋ አድርጎ አስቀዳኝ፣ አልያዘም። ማይክሮፎኑን አፌ ውስጥ ሊከተው ምንም አልቀረው፣ አልያዘም። «ይኼ ማሽን የጉንዳን ኮቴ የሚሰማ ነው፤ አንቺን ግን አልሰማም አለ» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ማስቀጃውን ሳያጠፋ ውኃ ሊጠጣ ገባ። እንዳጋጣሚ በጉ ገመዱን በጥሶ ወደ እኔ መጣ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ አንድ ነገር ጮህሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ በቀር። መላኩ ሮጦ ሲወጣ ያየው በጉን ሳይሆን ስልኩን ነው።

«ያዘ!» አለ በደስታ። «ያዘልሽ! በቃ ካሁን ወዲያ የሚከፍትልሽ ልክ እንደዚህ ስትይ ነው።»

የጮህሁትን ገና አልነግራችሁም፤ አሁንም አፍራለሁ።

የቤቱ የመጀመሪያ ጥፋት የታየው በዚያው ሳምንት ነው። እኛ አገር ሰው ደጅ ሲደርስ ምን ብሎ ይጣራል? «ቤቶች!» ይላል። ይህን ጎንደር ሆኖ ስልክ ሲጠግን መላኩ ረስቶታል። ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ እርሾ ልትበደር መጣችና እንደ ልማዷ «ቤቶች!» አለች።

ቤቱ «ቤቴ» የተባለ መስሎት በአባቴ ድምፅ «አቤት!» አለ።

«እንዴት ዋላችሁ፣ አያ?» አለች እትዬ የሻረግ።

«አላውቅህም! ተመለስ!»

ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈች። ሽማግሌ ልከን ስናስታርቃት የተናገረችው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «አላውቅሽም ቢለኝ እንኳ ደግ። የወለድሁትን ልጅ ክርስትና ያነሳ ሰው፣ ወንድ ያድርገኝ?»

በሩን ሲከፍትልን የሰነበተው መላኩ «ስሙን በሚቀጥለው ስመጣ እቀይረዋለሁ» አለ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አብረን ስመን፣ በሩን በስልኩ ከፍቶ አስገባን፣ ከዚያ ዘግቶልን ወደ ጎንደር ሄደ። «አታስቡ፤ ጎንደርም ሆኜ ከስልኬ እከፍትላችኋለሁ» አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እሱን ለመናገር ስለማፍር ነው በበግና በማቀዝቀዣ ስዞር የቆየሁት።

ዳባት ላይ አዲሱ የሚባል ጎሚስታ አለ። ከጎንደር ስመለስ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ጎማው ዳባት ላይ ተነፈሰ፤ አዲሱ ነው የጠገነው። ተሳፋሪው ሁሉ ሻይ ቤት ሲገባ እኔ አፍሬ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። አሮጌ ጎማ አቀረበልኝና «ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥሁ። ትውውቃችን ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ኮፍያዬን ከሚሸጠው ሱቅ እየመጣ ይገዛ ጀመር። ባለሱቁ «ይኼ ልጅ ስንት ራስ ነው ያለው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው የገባኝ። በስልክም እንነጋገራለን። «ደህና ነሽ?» ይለኛል። «ደህና ነኝ» እለዋለሁ። «እሺ» ይላል። እሱም ዓይን አፋር ነው፤ ጎማ ያናግራል እንጂ ሰው አያናግርም።

የአዲሱ አባት ድብ ባሕር ያለች የወዳጁን ልጅ ለልጁ አስቦለት ነበር። አዲሱ ተለማምጦ ተለማምጦ አንድ ነገር አስፈቀደ፤ ሽማግሌ መጀመሪያ ወደ እኛ እንዲላክ። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለው አባቱ። «ከደጅ የመለሷቸው እንደሆነ የሚቀጥለው እሁድ ድብ ባሕር ይሄዳሉ።» ሽማግሌዎቹ የመጡት መላኩ በሄደበት እሁድ ከሰዓት ነው።

ሦስት ናቸው። ቄስ ሞላ፣ የሚናገሩት አያ ጫኔ፣ ጆሯቸው የደከመው አያ ደምለው። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ተደበቅሁ። ልጂቱ በዚያ ሰዓት አትታይም፣ አትሰማም፤ ሳል እንኳ ቢመጣባት ትውጣለች። መቼም ለዚህ ወግ እንደኔ የተፈጠረ የለም። እናቴ ከጓዳው በር ቆማለች። አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ አልሰማሁም የሚል ፊት እየተለማመደ ነው፤ የሴት ልጅ አባት ሽማግሌ ሲመጣ ሮጦ አይወጣም።

ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«አቤት!» አለ በሩ።

መደቡ ላይ የተቀመጠው አባቴ አፉን አልከፈተም። እኔና እናቴ ተያየን።

«እንደምን ዋላችሁ? የእግዜር እንግዶች ነን» አሉ አያ ጫኔ።

«አላውቅህም! ተመለስ!»



«ምን አሉ? ግቡ አሉ?» አሉ አያ ደምለው።

«ተመለስ ነው ያሉን።»

«እ?»

«ተመለስ አሉን!»

«ለማን ነው ተመለስ ያሉት? ለሦስታችን ከሆነ ተመለሱ ነው የሚባል» አሉ አያ ደምለው።

«ለቄስ አንተ!» አሉ አያ ጫኔ። «መስቀል ለያዘ ሰው አንተ!» ከዚያ ምናልባት አልሰሙን ይሆናል ብለው ነው መሰለኝ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ቤቶች!» አሉ እንደገና።

«አቤት!»

«ከዳባት ነው የመጣን፤ ለደግ ነገር ነው!»

«አላውቅህም! ተመለስ!»

አባቴ ወግ የለ፣ ምን የለ፣ ጋቢውን ጥሎ ሮጠ። በሩን ቢገፋ አይንቀሳቀስም። በቆርቆሮው ክፍተት አፉን አስጠግቶ «ኧረ እኔ አይደለሁም፣ አባቶቼ! እኔ አይደለሁም!» አለ።

«ድምፁ የርስዎ አይደለም እንዴ?» አሉ ቄስ ሞላ።

«ድምፁስ የኔ ነው፤ የተናገርሁት ግን እኔ አይደለሁም!»

«ይኼን ያለ ሰው ጠበል እንጂ ሽማግሌ አያስፈልገውም» አሉ አያ ጫኔ።

«አባቶቼ፣ ልጄ ያመጣው ጉድ ነው እኮ! በገዛ ቤቴ...»

«አቤት!» አለ በሩ፣ በላያቸው ላይ።

«ዝም በል!» አለው አባቴ።

«አላውቅህም! ተመለስ!» አለው። ጌታውን። ከዚያ ቤቱ የማያውቀው ድምፅ በዛበትና ያስተማሩትን አደረገ። «ሌባ! ሌባ! ድረሱልኝ!» እያለ ከበሩ አናት ላይ መጮህ ጀመረ።

የአባቴን ድምፅ ነግሬያችኋለሁ። በሩ ጮሆ ጮሆ ሲያበቃ ሰፈሩ በሙሉ ዱላ ይዞ መጥቷል። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው እትዬ የሻረግ ናት። ዱላዋን አንስታ ስትደርስ ሌቦቹ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንደኛው መስቀል ይዘዋል። ዱላውን ጥላ መስቀል ተሳለመች።

«አትቀየሙት፣ አባቴ» አለች ቄስ ሞላን። «ግድግዳው ነው። እኔንም ባለፈው ወንድ አድርጎ ሰድቦኛል።»

እግዜር ይስጣት፤ ነገሩ በእሷ አፍ ትንሽ ተሻለ። አባቴም ተንፈስ ብሎ ስለ ስልኩ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ በጉ ሳይቀር አስረዳ። አያ ጫኔ እስከ መጨረሻው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ፣ ግድግዳ ነው እንበል። ሰው ቢሰድበን እንታረቃለን። ከግድግዳ ጋር የሚያስታርቀን ማነው? ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ሌባ ተብለናል። ዞሮ ዞሮ በሩ አልተከፈተም፤ ያልተከፈተ በር እምቢታ ነው። ለልጁ አባትም የምንነግረው ይህንኑ ነው።»

ጓዳ ሆኜ የሰማሁት ድብ ባሕር የሚለውን ብቻ ነው። ማንም አላለውም፤ እኔ ግን ሰማሁት።

አባቴ «መሰላል ላምጣ፣ በአጥሩ ግቡልኝ» አለ።

«በአጥር የገባ ሽማግሌ በምን አፉ ልጅ ይጠይቃል?» አሉ ቄስ ሞላ። እውነታቸውን ነው።

እናቴ መላኩ ዘንድ ደወለች። ጎንደር ሆኖ ከስልኩ ሊከፍት ቢሞክር፣ በዚያ ሰዓት ደባርቅ ኢንተርኔት የለም። ውጭ አገር ወተት ማለቁን የሚያውቅ ቴክኖሎጂ ይህን አላወቀም። መላኩ በላውድ ስፒከር በሩን ቢያዝም ቤቱ በስልክ የመጣ ድምፁን አላወቀውም፤ ያን ጊዜ እየጮኸ «ኧረ እህቴ ትክፈተው! እኔ ከሌለሁ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ብቻ ነው!» አለ። አጥሩ ቆርቆሮ ነው፤ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው።

«ልጂቱ? ሽማግሌ ፊት?» አለ አባቴ። «ነውር አይደለም እንዴ!»

«ነውሩማ ካለቀ ቆየ» አለች እናቴ። «በራሷ ጉዳይ ሌላ ማን ይጩህላት?»

ደጅ ላይ አያ ጫኔ «እንሂድ፤ የዳባት መኪና ሳያመልጠን» ሲሉ ሰማሁ። የዱላቸው ድምፅ ጠጠሩ ላይ ተሰማ።

ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ወጣሁ። ግድግዳው ላይ ካለው ስልክ ፊት ቆምሁ። «ቤቴ» አልሁ። ምንም። «ቤቴ» አልሁ ደግሜ። ነጠላዬ እንኳ አልሰማኝም። እናቴ በጆሮዬ «በጉ የመጣብሽ ቀን እንዳልሽው በይ» አለችኝ። በጉ እዚያው ታስሮ ሣር ያኝካል፤ ሲፈለግ አይመጣም። ዓይኔን ጨፈንሁና ሌላ ነገር አሰብሁ፤ ዳባት መንገድ ዳር ሌላ ሴት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ። ያን ጊዜ አፌን ከፈትሁ።

«ቤቴ! ኧረ ቶሎ ክፈትልኝ! አለቅሁ!»

ይኸው፤ የጮህሁት ይህ ነው። በግ ለመጣበት ሰው ተገቢ ንግግር ነው። ሽማግሌ ደጇ ለቆመ ልጅ ግን ምን እንደሚመስል ራሳችሁ ፍረዱ። ድምፄ አጥሩን ዘልሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሄደ። የአባቴ ድርሻ ለካ እኔ ዘንድም ነበር።

«ይሁን!» አለ በሩ፣ በአባቴ ድምፅ። ቁልፉ ቀጭ አለና ተከፈተ።

ከውጭ ያለው ሰው በሙሉ ዓይኑ እኔ ላይ ነው። እኔ መሬት ስንት ዓይነት ጠጠር እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

«አሁንስ ምን አለች?» አሉ አያ ደምለው።

«ቶሎ ክፈቱላቸው፣ አለቅሁ ነው ያለች» አለቻቸው እትዬ የሻረግ፣ በጆሯቸው፣ ሰፈሩ በሚሰማው ሹክሹክታ።

አያ ደምለው ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ቄስ ሞላ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አያ ጫኔ ግን ሳይስቁ፣ ኮስተር ብለው፣ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ሦስቱም ገብተው እንደ ወጉ ቆሙ። አባቴ «ተቀመጡ» ቢል «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። እኔ ወደ ጓዳዬ ገብቼ ነጠላዬን ነክሼ እሰማለሁ።

«የዳባቱ ልጃችን የርስዎን ልጅ ወዷል፤ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ አያ ጫኔ።

የሴት አባት በዚህ ጊዜ የሚመልሰው የታወቀ ነው። ወዶም ቢሆን «ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ይላል፤ ባይል ልጁን የጣላት ይመስላል። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «መልካም። እንግዲህ ዘመድ ላማክርና ሌላ ቀን...»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ቀና ብለው አዩት።

«ያችን ቃል እንዳይሏት ብቻ» አሉ አያ ጫኔ። «እሷን ደጅ ላይ ጠግበናል። ደግሞስ ከልጂቱ ከራሷ አፍ ሰፈሩ ሁሉ የሰማውን፣ ከማን ጋር ነው የሚመክሩት?»

 እናቴ ከጓዳው በር ሆና ሳል አስመስላ ሳቀች።

«ሰጥቻለሁ» አለ አባቴ። «ጥሎሽ ግን የምጠይቀው አለ።»

አያ ጫኔ ፊታቸው ጠቆረ። «ይናገሩ እስኪ። ልጁ ገና ጀማሪ ነው፤ ብሩን...»

«ብር አላልሁም። ብረት ነው። አንድ መቀርቀሪያ፣ በእጅ የሚወረወር፣ ሰው ሲነካው ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ አፍ የሌለው። ልጁ ራሱ ሠርቶ ያምጣ።»

ቄስ ሞላ «ይህማ ይገባዎታል» አሉና መረቁን። ከዚያ ተቀመጡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። አያ ደምለው ሲወጡ በሩን እጅ ነስተውት አለፉ።

የዳባት መኪና ሳይደርስ ወሬው ደረሰ። ሲመሽ አዲሱ ደወለ። እንኳን ደስ ያለሽ የሚል መስሎኝ ነበር።

«መቀርቀሪያው» አለኝ፣ «ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውስጥ» አልሁት።

«ወፍራም ይሁን ቀጭን?»

«ወፍራም።»

«በግ እንዳይከፍተው ወደ ላይ ከፍ ላርገው?»

«ከፍ አርገው።»

«እሺ» አለ። ከእሱ ጋር ይህን ያህል ረጅም ወሬ አውርተን አናውቅም ነበር።